ሮናልዶ፣ ሪቫልዶና ሮናልዲንሆ በሦስት ማልያ

ሰኔ 23 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እሁድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እኛ ሃያ ምናምን የሰፈር ልጆች ጎረቤታችን ሳሎን ውስጥ ተደራርበን ተቀምጠናል። ክሌበርሰን በቀኝ በኩል ኳሷን እየነዳ መጣና ወደ መሐል ላካት። ሪቫልዶ ሊመታት ነው ስንል እግሩን ከፈት አድርጎ አሳለፋት። ከኋላው ሮናልዶ ቆሟል። ሁለት ለዜሮ። ጀርመን አለቀላት፣ የጎረቤታችን የመስታወት ጠረጴዛም አብሮ አለቀለት። ማን እንደሰበረው እስከ ዛሬ አልታወቀም (እኔ አይደለሁም)።

እኔ በምስለው ካርታ ላይ ግን ያ ጎል የለም። ኳሷን ያቀበላት የአንድ አገር ሰው፣ ያሳለፋት የሌላ አገር ሰው፣ ያገባት ደግሞ የሦስተኛ አገር ሰው ነው። ሦስቱ አንድ ሜዳ ላይ የሚገናኙት ተቃራኒ ሆነው ሲጋጠሙ ብቻ ነው።

ላስረዳ። ካርታ መሳል ሱሴ ነው። ያለውን አገር ሳይሆን የሌለውን። ሰው ጫት ይቅማል፣ እኔ ድንበር አሰምራለሁ። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን የደብተሬን ጀርባ አየና “ይህቺ ደግሞ የት ነው ያለችው?” አለኝ። “የለችም ቲቸር” አልኩት። “ታዲያ ፈተና ላይ ለማትመጣ አገር ምን ያደክምሃል?” አለ። እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም፣ እስካሁንም እየሳልኩ ነው።

ሰሞኑን የያዘችኝ ብራዚል ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ካሌንደር እያገላበጣችሁ እንዳትደክሙ።)

ኢንተርኔት ላይ ምናባዊ ብራዚል የሚስል ሰው ሞልቷል። አብዛኛው ያሳብጣታል። ኡራጓይን ይመልስላታል፣ ፓራጓይን ይጨምርላታል፣ ሲብስበት ፓስፊክ ድረስ ያደርሳታል። እኔን እንዲህ ያለው ይሰለቸኛል። አገሪቱ እኮ እንዲሁም ትልቅ ናት! 8.5 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር። ኢትዮጵያን ሰባት ጊዜ ዘርግታችሁባት ትርፍ ቦታ ይቀራል። ከቺሊና ከኢኳዶር በቀር ከሁሉም የደቡብ አሜሪካ አገሮች ጋር ትዋሰናለች። የሚገርመው ይህን የሚያህል መሬት፣ ያን ሁሉ ጫካና ወንዝ ይዞ፣ አንድ አገር ሆኖ መቆየቱ ነው። እኔን የሚያስተኛኝ ጥያቄ እንዴት ትልቅ ትሁን የሚለው አይደለም። እንዴት ሳትበታተን ቀረች የሚለው ነው። ይቅርታ፣ የማያስተኛኝ ማለቴ ነው።

ደግሞ ምናባዊ ብራዚልን መሳል የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። ፖርቱጋሎቹ ራሳቸው ናቸው።

ፔድሮ አልቫሬስ ካብራል በሚያዝያ 1500 ወደ ሕንድ ሲሄድ ምድሪቱ ላይ ደረሰ። ከመርከቦቹ ጋር የነበረው ጸሐፊ ፔሮ ቫዝ ዴ ካሚንያ ለንጉሥ ማኑኤል ደብዳቤ ጻፈ። ስለ ሰዎቹ፣ ስለ ላባቸው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ አየሩ ብዙ ካወራ በኋላ መጨረሻው ላይ የተጻፈበትን ቦታ ሲያሰፍር ምን ቢል ጥሩ ነው? “የቬራ ክሩዝ ደሴት”። ደሴት! የዓለምን አምስተኛ ትልቅ አገር ደሴት ብሎ ፈረመባት። ዕለቱ ግንቦት 1 ነው፤ ምድሪቱን ካዩ ገና አሥር ቀን እንኳ አልሞላቸውም።

አትፍረዱበት፣ አንድ ጠረፍ ነው ያየው። ግን ደሴቷ ከካርታው አልወጣችም። ቆየት ብሎ ሌላ ወሬ ተነሳ። የአማዞን ወንዝና የላ ፕላታ ወንዝ የሚነሱት መሐል አገር ካለ አንድ ግዙፍ ሐይቅ ነው ተባለ። አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ። እንግዲህ በሁለቱ ወንዞችና በባሕሩ መሐል ያለው መሬት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ ነው ማለት ነው። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሳሉ ካርታዎች ላይ ሐይቁ መሐል ላይ ቁጭ ብሎ ታያላችሁ። አንዳንዶቹ ላይ ሻራዬስ ይባላል።

ሐይቁ ከሜዳ የተፈጠረ አይደለም። ስፔኖች የፓራጓይን ወንዝ ሽቅብ ተከትለው በዝናብ ወራት ሲመጡ ውሃው ማለቂያ የለውም። በደረቁ ወራት የመጣ ሰው ያንኑ ቦታ ሣር ሆኖ ያገኘዋል። ዛሬ ፓንታናል የምንለው ረግረግ ነው። እነዚያ ሰዎች ዓመት ጠብቀው ቢመለሱ ኖሮ ባሕራቸው ላይ ከብት ሲግጥ ያዩ ነበር።

ይህ ወሬ ዝም ብሎ የመርከበኛ ተረት ብቻ አልነበረም። ደሴት ከሆነች ድንበሯን ያሰመረው ፈጣሪ ነው ማለት ነው። ፖርቱጋልና ስፔን ደግሞ በ1494 ቶርዴሲያስ ላይ በወረቀት ያሰመሩት ሌላ መስመር አላቸው፣ ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች በስተ ምዕራብ 370 ሊግ ርቀት ላይ (ሊግ የድሮ የርቀት መለኪያ ነው)። ያ መስመር ለፖርቱጋል የሚሰጣት ምሥራቁን ቁራጭ ብቻ ነበር። የፈጣሪ መስመር ይሻለናል ቢሉ አይፈረድባቸውም።

አሁን ወደ ዛሬው ካርታ እንምጣ። ከብራዚሊያ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ፕላናልቲና አጠገብ፣ አጉዋስ ኤሜንዳዳስ የሚባል ጥብቅ ሥፍራ አለ። “የተጋጠሙ ውሃዎች” እንደማለት ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚረዝም አንድ ረግረግ ነው። ከአንዱ ጫፉ የሚወጣው ውሃ ወደ ሰሜን ሄዶ ቶካንቲንስ ይገባና ቤሌም አካባቢ፣ የአማዞን አፍ አጠገብ፣ ባሕር ይቀላቀላል። ከሌላው ጫፉ የሚወጣው ወደ ደቡብ ይወርድና በፓራና በኩል ላ ፕላታ ይደርሳል። ከአንድ ረግረግ! ሐይቁ የለም፣ ወሬው ግን ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። ይህን ያወቅሁ ቀን ሌሊቱን ደሴቷን ስስል አደርኩ። ያሳፍራል፣ ግን የምር ነው።

በዚያው ሌሊት አንድ ሌላ ወረቀት አበላሽቻለሁ። ከቶርዴሲያስ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1493፣ ጳጳስ አሌክሳንደር 6ኛ ያወጁት መስመር 100 ሊግ ላይ ነበር። የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዦአዎ 2ኛ አልስማማም ብሎ ተከራክሮ ነው 370 ያስደረገው። እኔ ዝም አስባልኩትና መስመሩን 100 ላይ ተውኩት። መስመሩ ባሕር ላይ ቀረ። ለፖርቱጋል የሚደርሳት መሬት የለም፣ ሁሉም የስፔን ሆነ፣ ጨዋታው ሳይጀመር አለቀ። ወረቀቱን ቀዳደድኩት።

ዋናው ጨዋታ ያለው በኋላ ነው። የስፔን አሜሪካ አንድ ንጉሥ ነበረው፣ አንድ ቋንቋ ነበረው፣ አንድ ሃይማኖት ነበረው። ነፃ ሲወጣ ግን ከደርዘን በላይ አገር ሆነ። ቦሊቫር በስንት መከራ ያያዛት ታላቋ ኮሎምቢያ እንኳ እሱ ሳይቀበር መሰንጠቅ ጀምራለች። የፖርቱጋል አሜሪካ ግን አንድ ሆኖ ወጣ። ለምን?

ከምክንያቶቹ አንዱ አንድ ዝናባማ የኅዳር ቀን ነው። 1807፣ ሊዝበን። የናፖሊዮን ጦር በር ላይ ደርሷል። ፖርቱጋልን የሚገዛው ልዑል ዦአዎ፣ እናቱ፣ ልጆቹ፣ ሹማምንቱና በሺዎች የሚቆጠር ተከታይ መርከብ ላይ ተጫኑ። ጥድፊያው ሌላ ነው። የቤተ መንግሥቱ መጻሕፍት በሣጥን ታሽገው ወደብ ላይ ጭቃ ውስጥ ቀሩ። ኅዳር 29 በእንግሊዝ መርከቦች ታጅበው ወጡ፣ በማግስቱ ፈረንሳዮች ከተማዋ ገቡ። አንድ ቀን! ልዑሉ በጥር 1808 ሳልቫዶር፣ በመጋቢት ሪዮ ደረሰ። ቅኝ ግዛቷ በአንድ ጊዜ የዙፋኑ መቀመጫ ሆነች። ማተሚያ ቤት እንኳ ያልነበራት አገር ማተሚያ ቤት፣ ባንክና ቤተ መጻሕፍት አገኘች።

የስፔኑን ንጉሥ ግን ናፖሊዮን ይዞ አሰረው። ንጉሥ ሲጠፋ እያንዳንዱ ከተማ “ታዲያ ማን ነው የሚያዘን?” ብሎ የራሱን ጉባኤ አቋቋመ። ከዚያ ሁሉም በየፊናው ሆነ።

በኔ ካርታ ላይ ነፋሱን አንድ ቀን አዘገየሁት። ሌላ ምንም አልነካሁም። መርከቦቹ ከወደብ አልወጡም፣ ልዑሉ ተያዘ። በብራዚል በኩል ደግሞ “ማን ነው የሚያዘን?” የሚለው ጥያቄ ተነሳ።

መልሱን ፈጥሬ የጻፍኩት እንዳይመስላችሁ። ከእውነተኛው ታሪክ ነው የወሰድኩት፣ ምክንያቱም እነዚህ አገሮች ለመወለድ ሞክረው ያውቃሉ።

ከሰሜን ልጀምር። ማራንያውና ፓራ በድሮ ጊዜ የብራዚል አካል አልነበሩም። በ1621 ራሱን የቻለ ግዛት ተደርገው በቀጥታ ከሊዝበን ይታዘዙ ነበር። ምክንያቱ ነፋስና የባሕር ጅረት ነው። በሸራ መርከብ ከቤሌም ወደ ሳልቫዶር ከመሄድ ወደ ሊዝበን መሻገር ይቀል ነበር። አስቡት፣ ውቅያኖስ መሻገር ጎረቤት ከመጠየቅ ሲቀል! ብራዚል ነፃነቷን ባወጀች በ13ኛ ዓመቷ፣ በ1835፣ ፓራ ውስጥ ካባናጅም የሚባለው አመፅ ፈነዳ። በወንዝ ዳር ጎጆ የሚኖሩ ድሆች፣ ነባር ሕዝቦች፣ ጥቁሮች ቤሌምን ያዙ። እስኪታፈን አምስት ዓመት ፈጀ፣ ከ30 ሺህ ሰው በላይ እንዳለቀም ይገመታል። እኔ ይህቺን አገር “ፓራ” ብያታለሁ፣ ዋና ከተማዋ ቤሌም።

ሁለተኛዋ ፐርናምቡኮ ናት። የሪቫልዶ አገር። እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለራሴ በጣም የምትጥመኝ እሷ ናት።

ሆላንዶች በ1630 ኦሊንዳንና ሬሲፌን ያዙ። በ1637 የናሳው ሰው ዮሐን ማውሪትስ ገዥ ሆኖ መጣ። ሠዓሊና ሐኪም ይዞ ነው የመጣው። መንገድ አወጣ፣ የአትክልት ሥፍራ ተከለ፣ ድልድይ ጀመረ። አይሁዶች የአሜሪካን የመጀመሪያ ምኩራብ የከፈቱት እዚያ ነው። ድልድዩ ብዙ ገንዘብ በላበት። በ1644 ሊመርቀው ሲል አንድ ነገር አስነገረ፦ “በዕለቱ በሬ ይበራል!” በሬ ሊበር? ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ድልድዩን ለመሻገር ግን ይከፈላል። መጀመሪያ ሕዝቡ በደንብ የሚያውቀውን አንድ ገራም በሬ አሳዩት። ቀጥሎ ልክ እሱን የመሰለ፣ ቆዳው በገለባ የተሞላ በሬ በገመድ ተንጠልጥሎ በሰው አናት ላይ አለፈ። ሰው ሳቀ፣ የድልድዩም ገንዘብ ገባ። እንዲህ ያለ ገዥ ያላት አገር ካርታ ላይ ልትቀር አይገባትም።

በዚያው ዓመት ግን ቀጣሪው የሆላንድ ንግድ ኩባንያ ወጪህ በዛ ብሎ አስመለሰው። ከዚያ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ጉዋራራፔስ ላይ በ1648 እና በ1649 ሆላንዶች ሁለቴ ተሸነፉ፣ በ1654 እጅ ሰጡ። በዚያው ዓመት ከሬሲፌ የወጡ 23 አይሁዶች የዛሬዋ ኒውዮርክ ደርሰዋል። ፖርቱጋልም በ1661 ውል ለሆላንድ 4 ሚሊዮን ክሩዛዶ ካሳ ለመክፈል ተስማማች፣ ከፊሉንም በጨው። አንድን አገር በጨው መግዛት፣ አሞሌ ለሚያውቅ አበሻ ብዙም አይገርም።

ብዙ ሰው ምናባዊ ታሪክ ሲጽፍ “ሆላንዶች ቢቆዩ ኖሮ ብራዚል ዛሬ ሀብታም ትሆን ነበር” ይላል። ይህ አባባል ያበሳጨኛል። ያው የስኳር እርሻ ነው። ማውሪትስ ገና በመጣበት ዓመት በዛሬዋ ጋና ያለችውን ኤልሚናን ከፖርቱጋል እንዲነጥቁ መርከብ ልኳል፣ በ1641 ደግሞ የአንጎላዋን ሉዋንዳን ያዙ። ለምን? ለባሪያ። የሚበር በሬ ያሳየው ሰውዬና ባሪያ የሚያስጭነው ሰውዬ አንድ ሰው ነው። ስለዚህ በኔ ካርታ ላይ ፐርናምቡኮ የሆላንድ አይደለችም። የራሷ ሪፐብሊክ ናት። ይህንንም ሞክረውታል፣ በ1817 አንዴ፣ በ1824 የኢኳተር ኮንፌዴሬሽን ብለው ደግሞ። የሁለተኛው መሪ ከነበሩት አንዱ፣ ካኔካ የሚባል መነኩሴ፣ ስቅላት ሲፈረድበት የሚሰቅለው ሰው ጠፋ። አንድም ሰው እምቢ፣ ሌላውም እምቢ። በመጨረሻ በጥይት ገደሉት።

ሦስተኛዋ ከደቡብ ጫፍ ሪዮ ግራንዴ ዱ ሱል። የሮናልዲንሆ አገር፣ የአሠልጣኙ የስኮላሪም አገር። ጋውሾ ይባላሉ፣ ፈረሰኛና ከብት አርቢ ናቸው። በደረቀ ሥጋ ግብር ተጣልተው በ1835 አመፁ፣ በ1836 ሪፐብሊክ አወጁ፣ ለአሥር ዓመት ተዋጉ። በኋላ የጣሊያን ጀግና የሆነው ጋሪባልዲ ከነሱ ጋር ነበር። የብራዚል ንጉሠ ነገሥት መርከቦች እሱ ያለበትን የባሕር ዳር ሐይቅ መውጫ ሲዘጉበት ምን አደረገ? ሁለት ጀልባዎቹን ከውሃ አወጣ፣ ትልልቅ የጋሪ ጎማ አስገባላቸውና በበሬ አስጎትቶ በሜዳ ላይ ወደ ባሕሩ ሄደ። (የብራዚል ታሪክ ውስጥ በሬ ብዙ ሠርቷል።) አንዷ ጀልባ በማዕበል ሰጠመች፣ በሌላዋ ግን ላጉና የምትባለውን ከተማ በመያዙ ተካፈለ፤ እዚያ ደግሞ ለጥቂት ወራት የቆየች ሌላ ሪፐብሊክ ተመሠረተች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ስስል በጣም ደስ ይለኛል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ እጄ ይቆማል።

ነፃ ትወጣላችሁ ተብለው ለሪዮ ግራንዴ ሪፐብሊክ የተዋጉ ጥቁር ጦረኞች ነበሩ። ጦራቸውን ይዘው በፈረስ ግንባር የሚቀድሙ። ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል እነዚህን ሰዎች ምን እናድርጋቸው የሚለው ጥያቄ ድርድሩን ያዘው። በኅዳር 1844 ፖሮንጎስ ላይ፣ ጥይት ባልነበራቸው ሌሊት፣ የመንግሥት ጦር ደርሶ ፈጃቸው። የራሳቸው አዛዥ ነው የሸጣቸው ወይስ አይደለም የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ከጥቂት ወራት በኋላ እርቅ ወረደ።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ለምን አልተበታተነችም? ቤተ መንግሥቱ መምጣቱ አንድ ነገር ነው። ከልሂቃኑ ብዙዎቹ ፖርቱጋል ውስጥ ባለው የኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ መሆናቸው ሌላ ነገር ነው፣ ምክንያቱም በቅኝ ግዛቷ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም፣ እዚያው ይተዋወቃሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ግን ሦስተኛው ነው። ፍርሃት። ወደ ብራዚል በሕይወት የደረሱ አፍሪካውያን ባሪያዎች 5 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፣ ከየትኛውም የአሜሪካ ክፍል ይበልጣል። የሄይቲ ባሪያዎች አምፀው ጌቶቻቸውን መጣላቸውን ሁሉም ባለ እርሻ ሰምቷል። በጥር 1835፣ በረመዳን፣ ሳልቫዶር ውስጥ ሙስሊም ባሪያዎች በሌሊት ሲነሱ ደግሞ በዓይኑ አየው። እርስ በርስ ብንዋጋ ባሪያዎቹን ማስታጠቃችን አይቀርም፣ ካስታጠቅን አለቀልን። ስለዚህ ከሪዮ ጋር መጣላት ይቅርብን። እንዲህ ብለው ያሰቡ ይመስለኛል። ባርነቱ እስከ 1888 ቆየ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረደው ደግሞ በዓመቱ ነው። አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

ለዚህ ነው አራተኛዋን አገር በቀይ እስክሪብቶ የምስላት። ፓልማሬስ። ከስኳር እርሻ ያመለጡ ሰዎች በዛሬው አላጎዋስ፣ ሴራ ዳ ባሪጋ በሚባለው ተራራ ዙሪያ የመሠረቷት። ከሆላንዶቹም ከፖርቱጋሎቹም ጋር እየተዋጋች አብዛኛውን 17ኛውን ክፍለ ዘመን ኖራለች። በ1678 መሪዋ ጋንጋ ዙምባ ከፖርቱጋሎቹ ገዥ ጋር ስምምነት አደረገ፣ እዚያ የተወለዱት ነፃ ይሁኑ፣ በኋላ ያመለጡት ይመለሱ የሚል። ከፓልማሬስ መሪዎች አንዱ የነበረው ዙምቢ “የሚመለሱትስ?” አለና አሻፈረኝ አለ። ዋና ምሽጓ በ1694 ወደቀች፣ እሱም ኅዳር 20 ቀን 1695 ተገደለ። ዛሬ ያ ቀን ብራዚል ውስጥ የመንግሥት በዓል ነው።

ሌሎቹን አገሮች ስስል እውነተኛ ሙከራ አለኝ፣ ነፋስ ባዘገይ ይበቃል። ፓልማሬስን ለማዳን ግን ስንት ነገር መለወጥ እንዳለብኝ ስቆጥር እደክማለሁ። መድፍ የላትም፣ ወደብ የላትም፣ የሚገዛት እንጂ የሚገዛላት ጎረቤት የላትም። አንዴ ለፐርናምቡኮ ጎረቤት አድርጌ ሳልኳትና አየኋት። ፐርናምቡኮ በስኳር ትኖራለች፣ ስኳር በባሪያ ይኖራል፣ ባሪያው አንድ ሌሊት ቢሄድ ፓልማሬስ ይደርሳል። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱ አብረው አይኖሩም። አንዱን መሰረዝ አለብኝ። የምወዳትን የበሬዋን አገር ሰረዝኳት። ከዚያ መለስኳት። ካርታው አሁን ቀዳዳ ሊወጣው ደርሷል።

አምስተኛዋ ሪዮ፣ ሳኦ ፓውሎና ሚናስ አንድ ላይ ናቸው። ብራዚል የሚለውን ስም ለነሱ ተውኩላቸው። ባሂያ፣ ያቺ የሳልቫዶር ክፍለ ሀገር፣ ያለችበትን አትጠይቁኝ፣ በየሳምንቱ ትቀያየራለች።

ጂኦግራፊውንም ነክቼዋለሁ፣ ግን በዚያ በኩል ብዙ አልሄድም። አማዞን በድሮ ዘመን ወደ ምዕራብ ነበር የሚፈሰው። አንዲስ ሲነሳ ነው ፊቱን ያዞረው። አንዲስን ዝቅ ባደርገው ፔሩ ባሕር ትሆንብኛለች፣ ተውኩት። ሌላው ነገር አቧራ ነው። ከሰሃራ፣ በተለይ ቻድ ውስጥ ካለው ቦዴሌ ከሚባል የደረቀ የሐይቅ ወለል፣ ነፋስ የሚያነሳው አቧራ አትላንቲክን ተሻግሮ አማዞን ላይ ይወርዳል። ጫካው በዓመት 22 ሺህ ቶን ያህል ፎስፈረስ ከዚያ አቧራ እንደሚያገኝ ናሳ ገምቷል። ሐይቁን በውሃ ልሙላውና ጫካውን ላስርበው ብዬ ነበር። ከዚያ ሐይቁ ሞልቶ በነበረበት ዘመንም ጫካው እንደነበረ አስታወስኩ። ጫካው ከኔ ይበረታል።

ቡናስ? ቡናማ ይነሳል፣ አበሻ አይደለሁ! ቡና ብራዚል የገባው በ1727 በድንበር ጠብ ምክንያት ነው። ፍራንሲስኮ ዴ ሜሎ ፓልዬታ የሚባል መኮንን ከቤሌም ወደ ፈረንሳይ ጉያና ተልኮ ሄደ፣ ሥራው ስለ ድንበር ነበር፣ ሲመለስ የቡና ዘር ይዞ ነው። የገዥው ሚስት በአበባ እቅፍ ውስጥ ደብቃ ሰጠችው ይባላል፣ እሱን ለፍቅር ወዳጆች ትቼዋለሁ። ቁም ነገሩ ቡናው መጀመሪያ የተተከለው ፓራ ነው። በኔ ካርታ ላይ ፓራ ሌላ አገር ናት። ዘሩን ለደቡቡ አላሳልፍም ብትል ያ ሁሉ የሳኦ ፓውሎ ቡና፣ ያ ሁሉ ባቡር፣ ያ ሁሉ ጣሊያናዊ ስደተኛ የለም። የኛም ቡና ገበያ ላይ ስንት ይሸጥ ነበር? እዚህ ላይ ሕልሜ ትንሽ ስግብግብ ይሆናል።

አንድ የቀረ ነገር። ብራዚሊያም የለችም። መሐል አገር ከተማ የሚገነባው መሐሉ የኔ ነው የሚል አንድ መንግሥት ሲኖር ነው። ታኅሣሥ 1960 እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ አዲስ አበባ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ ጃንሆይ የነበሩት ብራዚል ነው። ከተማዋ ከተመረቀች ገና ስምንት ወሯ ነበር። ወሬው እዚያ ደረሳቸው፣ ጉብኝቱን ትተው በአስመራ በኩል ገቡ። ብራዚል ባትኖር ኖሮ ያን ሳምንት የት ይሆኑ ነበር? አዲስ አበባ? ያኔ እነ መንግሥቱ ይደፍሩ ነበር? በዚህ ጥያቄ ላይ ወረቀት ማውጣት ጀምሬ ብዕሬን መልሼ አስቀመጥኩ። የራስ አገር ሲሆን እጅ ይከብዳል።

ትናንት የእህቴ ልጅ መጣና ካርታውን አየ። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ኳስ ሲነሳ ዓይኑ ይበራል። ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ ደለደልንለት። ሮናልዶ ሪዮ ነው፣ ለብራዚል ይጫወታል። ካፉና ሮቤርቶ ካርሎስ የሳኦ ፓውሎ ልጆች ናቸው፣ አብረውት። ክሌበርሰን ከፓራና ነው። ፓራና ራሷን ችላ ክፍለ ሀገር የሆነችው በ1853 ነው፣ ከዚያ በፊት በሳኦ ፓውሎ ሥር ነበረች፣ ግን ልጁ “ለአጎራባቾቹ ስጠው፣ ለነሱ በዛ” አለኝና ለሪዮ ግራንዴ ሰጠነው፣ ከሮናልዲንሆ ጋር። ሪቫልዶ ፐርናምቡኮ፣ ብቻውን። ሉሲዮ ላይ ተጨቃጨቅን። የተወለደው ፕላናልቲና ነው፣ ያችው ውሃው ሁለት ቦታ የሚሄድባት።

“ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው ወደ ደቡብ?” አለኝ ልጁ።

“ወደ ሁለቱም።”

“እና ለማን ይጫወታል?”

“አላውቅም።”

ካርታውን ዞር አድርጎ አየው። “ጋሼ፣ ታዲያ የ2002ን ዋንጫ ማን በላው?”

አሰብኩ። ቱርክ በዚያ ውድድር ብራዚልን ባታገኛት ኖሮ ማን ያቆማት ነበር? በምድብ ሁለት ለአንድ፣ በግማሽ ፍጻሜ አንድ ለዜሮ፣ ሁለቱንም ጊዜ ያቺው ብራዚል ናት የጣለቻት።

“ቱርክ ሳትሆን አትቀርም” አልኩት።

ልጁ ላጲሱን አነሳ።